ዳዋን ያየሁ ቀን

የዛሬው ጽሑፌ የእኛ ክበብና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አብረን ወደ መልካ ጉባ ስላደረግነው ጉዞ ነው። «መልካ ጉባ ደግሞ ምን አለ? ሀዋሳ አትሄዱም ነበር?» ብለው የሳቁብን አሉ። እውነት ነው፣ ከተማዋ ትንሽ ናት። ግን ዳዋ ወንዝ ዳር ናት። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ወንዝ አይቼ አላውቅም። ውሃ የማውቀው ከኤላ፣ ከኩሬና ከቢጫ ጀሪካን ነው።

ለማንም ያልተናገርኩት ሌላ ምክንያትም ነበረኝ። አምስት ዝናብ በተከታታይ የቀረበት ድርቅ ጊዜ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ታላቅ ወንድሜ ከብቶቻችንን ወደ ዳዋ ነዳ። ያኔ እሱ 16 ዓመቱ ነበር፣ እኔ 10። 11 ነድቶ ሄዶ 2 ይዞ ተመለሰ። የእኔ ጥጃ ቡሬ አልተመለሰችም። በጣም አለቀስኩና «ወንዝ ዳር ሆነው እንዴት ይሞታሉ? ተኝተህ ነው!» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የዳዋ ስም ተነስቶ አያውቅም።

ሳይነጋ በቅጥቅጥ አውቶብስ ተነሳን። ዋጪሌ ላይ ሻይ በዳቦ በላን። ከዚያ በኋላ ሙቀቱና አቧራው ሲብስብን ሲዘፍኑ የነበሩትም ዝም አሉ። እኔ በመስኮት መንገዱን እያየሁ «ይህን ሁሉ በእግሩ ነው የሄደው» እያልኩ አስብ ነበር።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ጮህን። መጽሐፍ ላይ ወንዝ ሰማያዊ ስለሆነ ሰማያዊ መስሎኝ ነበር። ዳዋ ግን ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። በጣም የገረመኝ ማንም ሳይቀዳው ዝም ብሎ መሄዱ ነው። እኛ ዘንድ የኤላ ውሃ በተራ፣ ሰው ለሰው እየተቀባበለ፣ በዘፈን ነው የሚወጣው።

መምህራችን «መልካ» ማለት በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ እንደሆነ ነገሩን። ዳዋ ከጉጂ ደጋ ተነስቶ ዶሎ አካባቢ ከገናሌ ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ጁባ ተብሎ በሶማሊያ አልፎ ህንድ ውቅያኖስ ይገባል። ፈረንጆችም እዚህ ድረስ ወፍ ሊያዩ ይመጣሉ። ክንፏ ላይ ነጭ ያላት ዋኔ አለች አሉን፤ እኔ ግን አላየኋትም፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ምሳ ስንበላ ዛፍ ጥላ ሥር ፍየል የሚጠብቁ ሽማግሌ ነበሩ። ቀስ ብዬ ሄድኩና «አባባ፣ በድርቁ ጊዜ እዚህ የመጡት ከብቶች ለምን ሞቱ? ወንዙ ደርቆ ነበር?» አልኳቸው።

«ውሃማ ነበር ልጄ። ሳር ነው ያልነበረው። ከየአገሩ ከብት መጣና ዳር ዳሩን ጨረሰው። ጠጥተው ይተኛሉ፣ ከዚያ መነሳት ያቅታቸዋል። እረኞቹ ልጆች ጅራት ይዘው ሲያነሱ ነበር የሚያድሩት። ቅጠል ቆርጠው በእጃቸው ሲያጎርሱም አይቻለሁ።»

«ከአሬሮ የመጣ ልጅ ነበር? ቀጭን፣ ረጅም?»

«ሁሉም ቀጭን ነበሩ። የማንን ልጅ ልለይልሽ?»

ከዚያ በኋላ ምሳዬ አልበላልኝ አለ። ለጓደኛዬ ሰጠኋት፣ እሷም ደስ ብሏት በላችው። ልንመለስ ስንል መምህራችን «አዞ ሊኖር ይችላል፣ አትጠጉ» እያሉ እጄን ይዘውኝ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞላሁ።

አሬሮ የደረስነው በጨለማ ነው። ወንድሜ ባትሪ ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። ጠርሙሱን ሰጠሁት። በባትሪው አብርቶ አየው፣ ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። ትንሽ እንደሄድን፣

«ቡሬ ከድልድዩ በላይ ናት ወይስ በታች?» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። «በላይ» አለ። «ትልቅ ዛፍ አለ፣ እሱ ሥር። መጨረሻ የሞተችው እሷ ነች።»

«አየሁት ዛፉን» አልኩት። እውነቱን ለመናገር እዚያ ትልልቅ ዛፍ ብዙ ነው፣ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ይቅርታ ልለው ፈልጌ ነበር፣ ከአፌ የወጣው ግን እሱ ነው። ቦርሳዬን ተቀበለኝና ወደ ቤት ሄድን።

ጠርሙሱ አሁን መስኮታችን ላይ ነው። ጭቃው ከታች ተኝቷል፣ ከላይ ያለው ውሃ ጠርቷል። እናቴ ልትደፋው ስትል «ተይው» ያላት እሱ ነው።