ወንድሞች ከሸጡት ቤት የእህት ድርሻ

ናይሮቢ ቢያሻራ ስትሪት ላይ የመጋረጃ ጨርቅ የምንወስድባት ሴት የሕንድ ጉጅራት ተወላጅ ናት። «ቤን» እንላታለን፤ በቋንቋቸው እህት ማለት ነው። እኛ ሦስት ሴቶች ከሞያሌ እየተመላለስን ከእሷ መግዛት ከጀመርን ቆየን፤ ገንዘብ ሲያጥረን በቃል ብቻ ዱቤ ትሰጠናለች። ባለፈው ስንሄድ ግን ጨርቁን ትታ የክስ ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘረጋችልን። የገዛ ወንድሞቿን ከሳለች።

ቤን ያደገችው ጃምናጋር ከተማ፣ ቅድመ አያቷ በሠሩት ቤት ነው። ናይሮቢ ያመጣት ትዳር ነው። እናቷ ቀደሙ፣ አባቷ በ2003 ሞቱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)፤ ኑዛዜ የለም። ሁለቱ ወንድሞቿ በ2011 ቤቱን ሲሸጡ ለእሷ የነገራት የለም። በ2019 ለዘመድ ሠርግ ስትሄድ በልጅነቷ የተጫወተችበት በረንዳ መድኃኒት ቤት ሆኖ አገኘችው። «አንቺማ ወርቅሽን ይዘሽ ተድረሻል» አሏት።

ኮሜርስ ስንማር የንግድ ሕግ ወስደናል፤ የሂንዱ ውርስ ግን ማን አስተምሮን! ቤን በስዋሂሊ ቀስ አድርጋ አስረዳችን። በአብዛኛው ሕንድ የሚሠራበት ሚታክሻራ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። በእሱ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ንብረት የአባትና የወንዶች ልጆች የጋራ ነው፤ ወንድ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ባለድርሻ ነው። የ1956ቱ ሕግ ሴት ልጅን ያስገባት በአባትየው ድርሻ ላይ ብቻ ነበር። በእኛ ሒሳብ፣ ቤቱ 90 ሺህ ቢያወጣ አባትና ሁለት ወንዶች ሠላሳ ሠላሳ ይደርሳቸዋል፤ የአባት ሠላሳ ለሦስት ልጆች ሲካፈል ለቤን 10 ሺህ።

በ2005 ሕጉ ተሻሽሎ ሴት ልጅም ከልደቷ ጀምሮ እንደ ወንድሟ ባለድርሻ ሆነች። በ2015 ግን የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አባትየው ማሻሻያው በጸናበት በሴፕቴምበር 9 ቀን 2005 በሕይወት መኖር ነበረበት አለ። የቤን አባት ያኔ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በ2019 ያማከረችው ጠበቃ ያቺኑ 10 ሺህ ቆጥሮ አሰናበታት። በኦገስት 11 ቀን 2020 ያው ፍርድ ቤት አቋሙን ቀየረ፤ መብቱ ከልደት የሚመጣ ስለሆነ የአባት መኖር አለመኖር አይታይም አለ። 10 ሺህ የነበረው 30 ሺህ ሆነ።

«ግን እኮ ተሽጧል!» አልናት።

ሕጉ የማይነካው ከዲሴምበር 20 ቀን 2004 በፊት የተደረገ ሽያጭን ነው አለችን። የእነሱ ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሞቿ የሸጡት የራሳቸውን ነው፤ የእሷ ድርሻ ቁልፉ ገዢው እጅ ቢገባም አልተሸጠም። ማምለጫ ግን አለ፦ የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ለቤተሰቡ ችግር፣ ለዕዳ ወይም ለሕክምና ሸጦት ከሆነ ሁሉንም ያስራል። ችግሩ እንደነበረ ወይም በቅንነት ጠይቆ እንዳጣራ ማስረዳት ያለበት ግን ገዢው ነው። መድኃኒት ቤት የከፈተው ሰውዬ ምን ያስረዳ? ሁለት ፊርማ አይቶ ከፈለ።

ወደ ሞያሌ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ተጨቃጨቅን። አንዳችን «እሰይ፣ ደግ አደረገች» አለች። ሌላዋ ያሳዘናት ገዢው ነው፤ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን አፍስሶ የቤተሰብ ጠብ ገዛ። እውነቱን ለመናገር እኛም ለሰውዬው አዝነናል፤ ግን ወንድሞቹን «ሌላ ወራሽ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

ይህን ስንባባል ዝም አልን። ሞያሌ ላይ ከአባት ለተወረሰ መጋዘን ቀብድ ከፍለን ነበር የሄድነው። የፈረመልን ታላቅ ወንድምየው ብቻ ነው፤ ሁለት እህቶቹ ቤይሩት ሥራ ላይ ናቸው። የእኛ አገር ሕግ ሌላ ነው፣ ሚታክሻራም የለብንም። ቢሆንም እንደደረስን ሄድንበትና «የእህቶችህን ስልክ ስጠን» አልነው።

«እነሱ ምን አገባቸው?» አለን።

ቀሪውን ገንዘብ ይዘን ተቀምጠናል። ስልኩን እስካሁን አልሰጠንም።