በመሃል የተተከለው ቁጥር

በእኛ ግቢ መኪና ያለው ሰው በስሙ አይጠራም፤ የሚታወቀው በመኪናው ነው። አንደኛው «ባለ ኮሮላው» ነው፤ ሌላው «ባለ ፒክአፑ»። እኔም ልደታ ኮንዶሚኒየም ስኖር መምህርነቴ ተረስቶ «ባለ አር ኤሱ» ሆኜ ቀርቻለሁ። ማለዳ በር የሚከፍትልኝ ወጣት ጥበቃ እንኳን «ጋሼ፣ አር ኤሷ ደኅና አደረች?» ካለ በኋላ ነው የእኔን ማደር የሚጠይቀው።

አር ኤሷ ቶዮታ ቪትዝ ናት። ቪትዝን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ስትቀርብ፣ አውሮፓ ውስጥም «ያሪስ» ተብላ ስትሸጥ፣ የታሰበችው ለጠባብ መንገድና ለቆጣቢ ኪስ ነበር። ወደ እኛ የደረሰችው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ አገር አርጅታ፣ በዱባይ በኩል፣ በስተቀኝ የነበረው መሪዋ ወደ ግራ ተዛውሮ ነው። የመምህሩም፣ የነርሷም፣ የባንክ ሠራተኛውም የመጀመሪያ መኪና ሆነች። አብዛኞቹ ባለ 1 ወይም ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ሲሆኑ ማርሻቸው አውቶማቲክ ነው። የእኔዋ ከዚያው ቤት የወጣች ቀበጥ ታናሽ እህት ናት፤ 1.5 ሊትር ሞተር፣ በእጅ የሚቀየር 5 ማርሽ፣ ጠንከር ያለ ሞላ። በአገሯ በጃፓን እርስ በርሳቸው ብቻ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነበራቸው።

በ2006 ዓ.ም. ዕቁብ ሲደርሰኝ ባለቤቴ ሁለት ነገር ብቻ አዘዘችኝ፤ «ሁላችንን የምትይዝ ትሁን፤ ነዳጅ አትጠጣ»። ሁለቱንም ፈጽሜአለሁ። ያልነገርኋት ሦስተኛውን ነው። ደላላው ኮፈኗን ከፍቶ ስለ ሞተሯ ሲያወራ አልሰማሁትም። ተቀምጬ ፍሪሲዮን ረግጬ አንደኛ ማርሽ ሳስገባ፣ ያቺ አጭር የማርሽ ዘንግ እጄ ውስጥ «ቀጭ» ብላ ስትገባ ነገሩ አለቀ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ለደስታዬ ብቻ ብዬ የገዛሁት ነገር ትዝ አይለኝም።

እውነቱን ለመናገር ልደታ ለእንዲህ ዓይነት መኪና የተሠራ ሰፈር አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጃፓን ውስጥ ከነበረው ጉልበት ሩቡን ያህል እዚህ ያጣል። የቀረውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታና የክረምት ጉድጓድ ይካፈሉታል። ጠዋት ከልደታ ተነሥቶ በተግባረ ዕድ በኩል ሜክሲኮ ለመድረስ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያዘገሙ መሄድ ነው፤ የግራ እግር ከፍሪሲዮን ጋር ሲታገል ይውላል። ፓራውልቷ ጉብታ ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ነው። ባለቤቴ ያን ድምፅ በሰማች ቁጥር ትን እስኪላት ትስቃለች።

ቢሆንም ወደድኋት። ሞተሯን ከአንዳንድ ኮሮላዎች ጋር ስለምትጋራ መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። ጋራዥ ስወስዳት መካኒኩ «ካንዴላ ቀይር፣ የፍሬን ሸራ አልቋል፣ ስፖኪዮው ላልቷል» ይለኛል፤ እኔም የጃፓን መኪና ጣሊያን ትቶልን በሄደው ቃል ስትታከም እያየሁ እገረማለሁ። እሑድ ማለዳ፣ የልደታ ማርያም ቅዳሴ ገና ሳይወጣ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ማርሽ ሳብ አድርጌ ወደ ሦስተኛ ሳሻግራት የሳምንቱ ድካም በመስኮቱ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቪትዝ አንድ ጠባይ አለው። የፍጥነት መለኪያው እንደ ብዙዎቹ መኪኖች ከመሪው ፊት ለፊት አይደለም፤ ከዳሽቦርዱ መሃል ነው የተተከለው። መሪው በቀኝም ይሁን በግራ ቦታው አይለወጥም። ስለዚህ ሾፌሩ የሚያየውን ቁጥር አጠገቡ የተቀመጠውም ሰው እኩል ያነብበዋል። ለሁለት ዓመት ያህል ይህን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም።

አጠገቤ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው አባቴ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ የነዳ ሰው ነው። ልጅ ሳለ፣ አየር መንገዱ ወደ ቦሌ ከመዛወሩ በፊት፣ በልደታ ሜዳ የሚነሡትን አውሮፕላኖች አጥር ተደግፎ ያይ ነበር። «አውሮፕላን የሚሮጠው ሊነሣ ነው» ይለኝ ነበር አንዳንዴ። «እኛ ግን የቱንም ያህል ብንሮጥ እዚሁ መሬት ላይ ነን።» ከዚህ ሌላ ስለ አነዳዴ ክፉም ደግም ተናግሮኝ አያውቅም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንዴ መንገዱን አንዴ መሃሉን እያየ ዝም ይላል።

በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከጦር ኃይሎች ዘመድ ጠይቀን እየተመለስን ነበር። ዝናቡ አባርቷል፤ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። ኮካ ኮላን ስናልፍ መንገዱ ተከፈተልን። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበርሁ፤ ረገጥሁት። ሞተሯ ያን የምወደውን ከፍ ያለ ድምፅ አሰማች። ቁጥሩ 80 አለፈ።

ልጁ ከቆመ ሚኒባስ ኋላ ወጣ። ሳፋ ታቅፏል። ፍሬኑን በሁለት እግሬ የረገጥሁት ይመስለኛል፤ ጎማው እርጥቡ ላይ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ቆመ። በፓራውልቱና በልጁ ጉልበት መካከል አንድ ስንዝር ቢኖር ነው። ልጁ አልተነካም፤ ደንግጦ ሳፋውን ጥሎታል። ቆሎው በመብራቴ ፊት አስፋልቱን ሞልቶታል።

እኔ መሪውን ጨብጬ ቀረሁ። አባቴ ነው የወረደው። በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ተንበርክኮ ከልጁ ጋር ቆሎ ከውኃ ውስጥ መልቀም ጀመረ፤ ለማንም እንደማይሆን እያወቀ። ልጁ «ጋሼ፣ ሳፋዬ ተሰነጠቀ» ሲል ሰማሁት። ስለ ሕይወቱ ሳይሆን ስለ ሳፋው ነበር የተጨነቀው። አባቴ የቆሎውንም የሳፋውንም ከኪሱ ከፍሎ፣ ልጁን አሻግሮት ተመለሰ። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም።

ደረጃ ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆመ።

«ቁጥሩን እያየሁት ነበር» አለኝ። «ቀንስ ልልህ አፌን ከፈትሁ። ፊትህን ሳየው እንደ ልጅነትህ ደስ ብሎሃል። አንድ ቀን ይደሰት ብዬ ዝም አልሁ። ያ ልጅ ቢሞት ኖሮ ግማሹ የእኔ ነበር።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጣን መልስ ይሰጡታል፤ ይህን ግን በምን እመልሰዋለሁ? እግሩ ነዳጅ መስጫውን ያልነካ ሰው፣ ስላየና ዝም ስላለ ብቻ፣ ከጥፋቴ እኩሌታውን ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። ፍጥነቴን የእኔ ብቻ አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ የእኔ ደስታ፣ የእኔ ነዳጅ፣ ቢመጣም የእኔ ቅጣት። ለካስ ከመጀመሪያው አንሥቶ በመሃላችን ተጽፎ ነበር።

አባቴ በ2011 ዓ.ም. ዐረፈ። እንቅስቃሴው ሲቸግረው ሐኪም ቤት ያመላለስሁት በዚህችው መኪና፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ጉብታ እየመረጥሁ ነው። ከልደታ መንገዶች የትኛው ጎን ጉድጓድ እንደሌለው የዚያን ጊዜ ነው በደንብ ያወቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለወጠ። በ2012 ዓ.ም. ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ የኤክሳይዝ ታክስ ወጣ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እነዚህ አሮጌ ቪትዞች እንደ ወርቅ ተወደዱ። ደላሎች ይደውላሉ፤ የሚሰጡኝ ዋጋ ከገዛሁበት ብዙ እጥፍ ነው፤ የልጄን የኮሌጅ ክፍያ እስከ መጨረሻው ይሸፍናል። ጎረቤቴ የገዛው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ማርሽም ድምፅም ሳይኖረው፣ ከቆመበት ሲነሣ የእኔዋን ጥሏት ይሄዳል። «ሽጣት» የሚሉኝ ሁሉ ልክ ናቸው። ባለቤቴም በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ አንሥታዋለች። ምናልባት እሸጣት ይሆናል። እስካሁን ግን ስልኩን አንሥቼ «እሺ» ማለት አልሆነልኝም።

ባለፈው ወር ልጄ መንጃ ፈቃድ አወጣች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ መኪናዋ ቤት ስትገባ ስድስት ዓመቷ ነበር። እሑድ ማለዳ ቁልፉን ሰጥቼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአባቴ ቦታ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወንበር መንገዱ ሌላ ነው፤ መሪ የለህም፣ ፍሬን የለህም፤ ያለህ ቁጥሩ ብቻ ነው። እጆቼን ጉልበቴ ላይ እንዳደረግሁ ያስተዋልሁት በኋላ ነው።

እስከ ተግባረ ዕድ ድረስ ፍሪሲዮኑን እየለቀቀች ስታጠፋት፣ እንደገና ስታስነሣት ሄድን። ስንመለስ ተለማመደችው። ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ሞተሯ ያን ድምፅ አሰማች። ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ፈገግ አለች፤ በዚያች ቅጽበት የማንን ፊት እንደማይ አወቅሁ። ቁጥሩ 60 አለፈ፤ 65፤ 70። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አባቴን ዝም ያሰኘው ነገር ምን እንደ ነበር፣ ምን ያህልስ ጣፋጭ እንደ ነበር፣ ያኔ ገባኝ።

«ቀንሺ» አልኋት።

ፈገግታዋ ጠፋ። «ባዶ መንገድ እኮ ነው፣ አባ» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ቀንሺ።»

እግሯን አነሣች። ቁጥሩ ወደ 40 ሲወርድ አየሁት፤ ከዚያ ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስሁ።