«ይለመዳል» ለተባላችሁ

ከድሮ ተማሪዎቼ ብዙዎቻችሁ አግብታችኋል፣ ወልዳችኋል። እንደ በፊቱ ስለ ማትሪክ መጠየቅ ትታችሁ አሁን በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ባለቤቴን መርፌው አልተስማማትም፣ ምን ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን እኔና ባለቤቴ ለእኛ የሚሆን የወሊድ መቆጣጠሪያ እስክናገኝ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቶብናል፤ ያየነውን ልንገራችሁ። ባለቤቴ አንብባዋለች፤ «ይሄ ይቅር» ያለችውን አውጥቼዋለሁ።

የጀመርነው በሦስት ወር መርፌ ነው፣ ዲፖ በምንለው። በአገራችን በብዛት የሚወሰደው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 41 በመቶው ዘመናዊ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ ነበር፤ 27 በመቶው መርፌ። የባለቤቴ የወር አበባ ሙሉ በሙሉ ቀረ። ጎረቤት ቡና ላይ «ደሙ የት ሄዶ ነው? ማህፀን ያደርቃል» ይባል ጀመር። የሚጠራቀም ደም የለም፤ መድኃኒቱ የማህፀኑን የውስጥ ሽፋን ስለሚያሳሳው የሚወርድ ነገር አይኖርም። መካንም አያደርግም። ካቆሙት በኋላ ለማርገዝ ግን ከሌሎቹ ይዘገያል፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ 10 ወር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እሷን ያስቸገራት ሌላ ነበር፤ ራስ ምታትና የክብደት መጨመር። መርፌ ደግሞ አንዴ ከተወጋ አይወጣም፤ እስኪያልቅ መታገስ ነው። ሦስት ጊዜ ተወግታ ተወችው።

ቀጥሎ እንክብል ሞከረች። በአራተኛው ወር ግፊቷ ሲለካ 150 በ95 ሆኖ ተገኘ። ሲስተሯ በዚያው ቀን አስቆመቻት፤ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ግፊት ላለባት ሴት አይሆንም። ስለዚህ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ዝም ብላችሁ አትጀምሩ፣ መጀመሪያ ተለኩ። ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ከባድ ራስ ምታት ወይም የደም መርጋት ታሪክ ያለባት ሴትም ቀድማ መናገር አለባት።

ሦስተኛው ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የ3 ዓመቱ ነው። እህቴ እሱን አስቀብራ መኖሩን እንኳ ትረሳዋለች። የእኛ ቤት ግን ደም አመጣ። ብዙ አይደለም፣ ጠብ ጠብ ነው፤ ግን አይቆምም። ሰባት ወር።

ባለሙያዎቹ «ጠብታ ናት፣ አትጎዳሽም፣ ይለመዳል» አሏት። በሕክምና ዓይን ልክ ናቸው። ባለቤቴ ግን ደም ላይ ሆና ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ፍልሰታን 16ቱንም ቀን ከቅጥሩ ውጭ ግንቡን ተደግፋ ቆማ አሳለፈች። ሌላው ጊዜማ ሴት ሁሉ ለጥቂት ቀን ነው የሚቀረው፤ እሷ ከዓመት እስከ ዓመት ውጭ ልትቀር ሆነ። «የሚጎዳኝን እኔ ነኝ የማውቀው» አለችኝ አንድ ማታ። ይሄንን የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ አታገኙትም።

አይቡፕሮፌን ለ5 ቀን ታዘዘላት፤ ደሙ ጥቂት ሳምንት ቆሞ ተመለሰ። ይውጣልኝ ስትል አንድ ቦታ «3 ዓመት ሳይሞላው አይወጣም» ብለው መለሷት። ይሄ ትክክል አይደለም። በፈለገችበት ቀን ማስወጣት መብቷ ነው። ሌላ ጤና ጣቢያ ሄደን በጥቂት ማደንዘዣ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ወጣላት።

አሁን ያለችው በሉፕ ነው። መዳብ ነው፣ ሆርሞን የለውም፣ 10 ዓመት ይሠራል። ቀላል ነው አልላችሁም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ቁርጠቱም የወር አበባውም በርትቶባት ነበር፤ ደም ማነስ ላለባት ሴት መጀመሪያ መመርመር ያስፈልጋል። ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፣ ቀኑን ጠብቆ ይሄዳል። እሷ የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ከአምስተኛው ወር በኋላ ቁርጠቱም ቀለለላት። ይኸው ዓመት ከ8 ወር ሆነ።

«የትኛው ይሻላል?» ለምትሉኝ መልሴ ይሄ ነው። ሁሉም የየራሱ ጣጣ አለው፤ ጥያቄው እሷ የትኛውን ጣጣ ችላ መኖር ትችላለች የሚለው ነው። የወር አበባዋ ሲቀር አንዷ ተመስገን ትላለች፣ ሌላዋ እንቅልፍ ታጣለች። ለጎረቤት የተስማማው ለሚስትህ ላይስማማ ይችላል።

ለወንዶቹ ደግሞ አንድ ነገር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ራስ ምታቱም፣ ግፊቱም፣ ደሙም የወረደው እሷ ላይ ነው። የእኔ ድርሻ አብሮ መሄድ፣ ቀን መመዝገብና በመሃል በመሃል ኮንዶም መግዛት ነበር። «ይለመዳል» ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ሁለተኛ ልጅ ወልደን በቃን ስንል ተራው የእኔ እንዲሆን ተነጋግረናል። የወንዱ ቀዶ ሕክምና ትንሽ ነው፣ ወንድነት አይነካም፤ እስከ 3 ወር ግን ሌላ መከላከያ ይፈልጋል። ኮሜንት ላይ እንደምትስቁ አውቃለሁ፣ ሳቁ።

ያልተስማማትን ስታቆም በምትኩ ሌላ መያዟን አትርሱ፤ በመሃል ነው የሚረገዘው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ በነፃ ነው። ስትሄዱ አብራችሁ ግቡ፣ «ካልተስማማት መቼ እንመለስ?» ብላችሁም ጠይቁ። አንዱ ጋ ካልሰሟችሁ ሌላ ጋ ሂዱ።