ጌዴዎንም ፈርቶ ነበር

ጎረቤላ ላይ የአርበኝነት ጨዋታ ከተነሣ ቶሎ አይቋጭም። ምን ይደረግ! ራስ አበበ አረጋይ ጣልያንን አምስት ዓመት ያስጨነቁት በዚሁ በሰሜን ሸዋ ገደላ ገደል ነው።

በጎጃም በኩል ደግሞ ስሙን ከመጽሐፈ መሳፍንት የተዋሰ ጦር መጣ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ከተሻገሩ በኋላ፣ እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን የተሰለፉበትን ትንሽ ጦር «ጌዴዎን» አለው። ጦሩም ከአርበኞች ጋር ሆኖ፣ በሌሊት ጥቃትና በማደናገር፣ በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን ጠላት ከቡሬና ከደብረ ማርቆስ አስለቀቀ።

ስሙ ያለ ነገር አልተመረጠም። ጌዴዎን ከ32,000 ሰው 300 ብቻ አስቀርቶ፣ በቀንደ መለከት፣ በማሰሮና በችቦ ምድያማውያንን በሌሊት ያተራመሰ ነው።

ጀግና ሆኖ ተወለደ እንዳይባል ግን፣ መጀመሪያ ስንዴውን የሚወቃው ተደብቆ ነበር! ምልክት አሳየኝ እያለም አምላኩን ሁለት ጊዜ በበግ ጠጉር ባዘቶ ፈትኗል። ዛሬ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቶ ጉልበቱ የሚብረከረክ ወጣት ይህን ቢያነብ ዘመድ ያገኘ ያህል ደስ ይለዋል።

በውጊያው ዋዜማም፣ ከፈራህ ሎሌህን ይዘህ ወደ ጠላት ሰፈር ውረድ ተባለ። ወርዶ ቢያደምጥ፣ አንዱ ምድያማዊ ሕልሙን ለጓደኛው ያወራል፤ ለካ እነሱም እሱን ፈርተው ኖሯል።