የጋሼ ጉልበትና የብዜት ትምህርት

መልካ ወረር ለማስተማር ስንመጣ ከሁሉ ቀድመው ክፍል የሚገኙ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን በአዋሽ ዳር በጥጥ እርሻ ሠርተዋል። ግራ እግራቸው ከጉልበቱ ላይ ወደ ውጭ ጎብጧል። ሲራመዱ በጣም ያማቸው ነበር።

አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሐኪሙ ከጉልበት በታች ያለውን አጥንት ቆርጦ አቃናው፤ በብረትና በብሎንም አሰረው። ይህ ለምን ተደረገ? እግር ሲጎብጥ የሰውነት ክብደት በጉልበቱ የውስጥ ጎን ይበረታል። እዚያ ያለው ለስላሳ አጥንት እየተፋቀ ያልቃል። እግሩ ሲቃና ግን ሸክሙ ወደ ደኅናው ጎን ይዛወራል።

ጋሼ ሲመለሱ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቃቸው መጣ። እኛም ስኳርና ለስላሳ መጠጥ ይዘን ሄድን። «አይነሡ ጋሼ፣ ይብሉ፣ ይተኙ» አልናቸው። ሐኪሙ ያዘዘላቸውን እንቅስቃሴ ያስተውናቸው እኛው ነን። ከሦስት ወር በኋላ ሲመዘኑ 5 ኪሎ ጨምረው ተገኙ። ጉልበታቸውም ገና ያማቸዋል። አፈርን።

በማግስቱ የሒሳብ ትምህርታችን ብዜት ነበር። በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው 142 ወፍራም አረጋውያን ተመርምረዋል። 1 ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ 4 ኪሎ ያህል ሸክም ይቀንሳል። ክብደት ሲጨመርስ? ሰሌዳው ላይ ጻፍን፦

5 × 4 = 20

ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «ሃያ! አንድ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ማለት ነው። ያሸከማችሁኝ እናንተ ናችሁ!» ብለው ሳቁ። እኛ ግን አልሳቅንም።

ወፍራም ሰውም በዚህ ሕክምና ሊሻለው ይችላል። ይሁን እንጂ ትርፍ ክብደት ቁስሉንም የሚጠግነውንም አጥንት ያስቸግራል። ታዲያ ይራብ ማለታችን አይደለም። አጥንት እንዲጠግን ወተት፣ ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል ያስፈልጋል። የሚቀነሰው ስኳሩና ዘይቱ ነው።

እንግዲህ የታመመ ስንጠይቅ ስኳር መያዙ ይቅርብን። ክራንቹን እናቀብለው፤ ሐኪሙ በፈቀደው መጠን አብረነው እንራመድ።

አሁን ማታ ማታ ከትምህርት በኋላ ተራ ገብተን ከጋሼ ጋር እስከ መስኖው ቦይ ድረስ እንሄዳለን። እርምጃውን የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው።