አፍን ከአርሞኒካ ጋር ማስማማት

አርሞኒካ በኪስ የሚያዝ፣ ዋጋውም ከብዙዎቹ የሙዚቃ መሣሪያዎች ያነሰ በመሆኑ ብዙ ሰው በቀላሉ ይገዛዋል፤ ብዙ ሰውም ቶሎ ይተወዋል። የሚተወው ሙዚቃ ጠልቶ አይደለም። አንድ ድምፅ ለማውጣት ሲነፋ ሦስት ድምፆች አብረው ይጮኹበታል፤ አየር ሲስብ ደግሞ መሣሪያው ይታፈንበታል። ከዚህ በኋላ ወይ «መሣሪያው ብልሹ ነው» ይላል፤ ወይም «እኔ ተሰጥዎ የለኝም» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል። ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ የማቀርብላችሁ ሁለቱም ፍርዶች አብዛኛውን ጊዜ የችኮላ ፍርዶች መሆናቸውን ለማስረዳት ነው። ችግሩ ያለው በአፍ አያያዝ ላይ ነው፤ አፍ ደግሞ እንደ እጅ ሁሉ ይሠለጥናል።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን አሠራር እንመልከት። ማቲያስ ሆነር በጀርመን አገር፣ በትሮሲንገን፣ አርሞኒካ የመሥራት ሙያውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ባለ 10 ቀዳዳ አርሞኒካ በውስጡ 20 ቀጫጭን የብረት ልሳኖች አሉት። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ በስተጀርባ ሁለት ልሳኖች ይገኛሉ፤ አንደኛው ስንነፋ፣ ሁለተኛው አየር ስንስብ ይርገበገባል። ዋሽንት የሚሰማው ትንፋሽ ስናወጣ ብቻ ሲሆን አርሞኒካ ግን ስናወጣም ስናስገባም ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ አየሩ የሚያልፍባቸው ከንፈር፣ ምላስና ጉሮሮ ሁሉ የመሣሪያው ክፍሎች ናቸው ማለት ይቻላል። የአርሞኒካ ግማሹ በእጃችን፣ ግማሹ በአፋችን ውስጥ ነው።

እንግዲህ ከከንፈር እንጀምር። ብዙ ጀማሪዎች አርሞኒካውን በከንፈራቸው ጫፍ ብቻ ይነኩታል፤ ጉንጫቸውንም ያጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ አየሩ በየጎኑ ያፈተልካል፤ ድምፁም የሳሳ ይሆናል። እናንተ ግን ቁጥር 1 የሆነውን ቀዳዳ በስተግራ አድርጋችሁ ያዙና መሣሪያውን ወደ አፋችሁ ጠለቅ አድርጋችሁ አስገቡት። የሚነካው የከንፈራችሁ ውስጠኛው እርጥብ ክፍል ይሁን። የመሣሪያውን የኋላ ጠርዝ በጥቂቱ ከፍ አድርጉ፤ መንጋጋችሁን ልቀቁ፤ ጉሮሯችሁንም ልታዛጉ እንደ ጀመራችሁ ክፈቱ። ከዚያ በኋላ ከንፈራችሁን እንደሚያፏጭ ሰው አሞጥሙጡና 4ኛውን ቀዳዳ ብቻ ለይታችሁ ንፉ። በአፍንጫችሁ አየር እንዳይወጣ ተጠንቀቁ።

ሁለተኛ ዘዴም አለ። በዚህ ዘዴ አፍ አራት ቀዳዳዎችን ያህል ይሸፍናል፤ ምላስ በግራ ያሉትን ሦስቱን ሲከድን አየሩ በአፍ ቀኝ ጥግ በኩል ወደ ቀረው ቀዳዳ ይገባል። ይህ አያያዝ ለመልመድ ጊዜ ይጠይቃል። ዳሩ ግን ምላስን አንሥቶ በመመለስ ብቻ ዜማውንና አጃቢ ድምፆችን ማፈራረቅ ስለሚያስችል ድካምን የሚክስ ነው። እኔ በበኩሌ ጀማሪ የመጀመሪያውን ዘዴ በሚገባ ከያዘ በኋላ ወደ ሁለተኛው እንዲሻገር እመክራለሁ።

አሁን ተስፋ ወደሚያስቆርጠው ቦታ ደረስን፤ ይኸውም 2ኛውን ቀዳዳ መሳብ ነው። ጀማሪ ይህን ቀዳዳ ሲስብ ድምፁ ይታነቃል፣ ይጎረብጣል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። «ተበላሽቷል» የሚባለውም በዚሁ ነው። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ይህን ፈተና አድርጉ። 3ኛው ቀዳዳ ሲነፋና 2ኛው ቀዳዳ ሲሳብ የሚሰጡት ድምፅ አንድ ነው፤ ሁለቱም ሶል ናቸው። በመጀመሪያ 3ኛውን ንፉና በጆሯችሁ ያዙት፤ ቀጥሎ 2ኛውን በለስላሳው ሳቡ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉና የኋለኛው ዝቅ ካለ፣ ምላሳችሁ ከቦታው ተነሥቶ አየሩን አጣቧል ማለት ነው። ምላሳችሁን አሳርፉ፤ መንጋጋችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ኃይላችሁን ቀንሱ። ድምፁ በብዙ ጀማሪዎች ዘንድ የሚገኘው ጉልበት ሲቀነስ ነው።

አፋችሁ ከተስማማ ዜማ ለመጀመር ሩቅ አይደላችሁም። 4ኛው ቀዳዳ ሲነፋ ዶ፣ ሲሳብ ሬ ይሰጣል፤ 5ኛው ሚና ፋ፣ 6ኛው ሶልና ላ ይሰጣሉ። 7ኛው ላይ ተራው ይገለበጣል፤ በመሳብ ሲን፣ በመንፋት የላይኛውን ዶ እናገኛለን። ከእነዚህ ውስጥ ፋንና ሲን ብትተዉ የሚቀሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ድምፆች ናቸው። በጀርመን መንደር ሥራው የተስፋፋ መሣሪያ የእኛን ትዝታ ለማሰማት ሁለት ድምፆችን መተው ብቻ ይበቃዋል።

አየር በሚሳብበት ጊዜ ድምፅን ሆን ብሎ ማጉበጥም አለ። 4ኛውን ቀዳዳ እየሳባችሁ የምላሳችሁን ቅርጽ «ኢ» ከማለት ወደ «ኡ» ማለት ብትለውጡ ድምፁ ግማሽ እርምጃ ዝቅ ይላል። ልብ በሉ፤ ይህ በ2ኛው ቀዳዳ ላይ እንቅፋት የሆነው ያው የምላስ እንቅስቃሴ ነው። ሳያውቁት ሲሆን እንከን ይባላል፤ እያወቁ ሲሠሩት ግን ጥበብ ይሆናል።

በመጨረሻም ልምምዳችሁን በየቀኑ በ15 ደቂቃ ወስኑት። ከመጫወታችሁ በፊት አፋችሁን ተጉመጥመጡ፤ ስትጨርሱ ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አድርጋችሁ መሣሪያውን በመዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉትና እርጥበቱ ይድረቅ። አርሞኒካችሁን ለሌላ ሰው አፍ አታውሱ። ከሁሉ በላይ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በትዕግሥት እለፏቸው። ሰው በ15 ዓመቱ «አልችልም» ብሎ የዘጋውን በር በ40 ዓመቱ ተመልሶ ሲከፍት እምብዛም አይታይም። ስለዚህ «አልችልም» ከማለታችሁ በፊት ምላሳችሁ የት እንዳለ ጠይቁ።