የመጽሐፍ ጠራዡ ጓደኞች

ኮሌጅ ሳይገቡ ሳይንስ ስለተማሩ ሰዎች ወሬ ከተነሣ ማይክል ፋራዴይ ሳይጠራ አይቀርም። እኔም ልጥራው። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ሁሉም «ብቻውን ተማረ» ይላል። የታለ ብቻውን?

እስቲ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1791 ከአንድ ብረት ቀጥቃጭ ተወለደ። በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ለመልመድ ገባ። ሊጠረዝ የመጣውን ሁሉ ገልጦ ያነባል። ጄን ማርሴት ለጀማሪ የጻፈችው የኬሚስትሪ መጽሐፍና ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ላይ ስለ ኤሌክትሪክ የሠፈረው ጽሑፍ ልቡን ማረኩት። ያነበበውን ደግሞ እንዲሁ አያምንም፤ ኪሱ በፈቀደለት ዕቃ ሙከራውን ራሱ ይሠራዋል።

እስከዚህ ድረስ ብቻውን ነው እንበል። ከዚያ ግን ጆን ቴተም የሚባል ሰው ማታ ማታ ቤቱ ሳይንስ ያስተምራል ሲባል ሰማ። መግቢያው አንድ ሽልንግ ነው። የከፈለለት እንደ አባቱ ብረት የሚቀጠቅጠው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነው (ለዚህ ሰው ሐውልት ቢቆምለት አልቃወምም)። እዚያ የሚገናኙት ወጣቶች ማኅበር ነበራቸው፤ እየተነሡ ያስረዳሉ፣ ይከራከራሉ። ከጓደኛው ከቤንጃሚን አቦት ጋርም ስለ ሙከራዎቹ ረጃጅም ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። መጽሐፍ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» አይልም፤ አቦት ግን ይላል።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። በ1812 አንድ ደንበኛ በሰጠው ቲኬት የኬሚስቱን የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት ሰማ፤ የሰማውን ጽፎ፣ አሳምሮ ጠርዞ ላከለት። በዓመቱ ረዳቱ ሆነ። በ1831 ማግኔት በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል አሳየ። ሒሳብ ግን እስከ መጨረሻው አልሆነለትም፤ ሐሳቡን በቀመር ያስቀመጠው የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል ነው።

ዛሬ ጠራዥ ቤት መቀጠር አያስፈልግም። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኮርሶቹን ማስታወሻ፣ መልመጃና ፈተና በነጻ መልቀቅ ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ዳታ ካላችሁ አስተማሪው ስልካችሁ ውስጥ ነው። አስተማሪው ሲፈታ እያዩ «ገባኝ» ማለት ግን እንዴት ቀላል መሰላችሁ! ቪዲዮው ተዘግቶ ባዶ ወረቀት ፊት ስትቀመጡ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ስለዚህ ኮርስ ከማውረዳችሁ በፊት አንድ አቦት ፈልጉ። ጎረቤትም ይሁን የቴሌግራም ወዳጅ፣ ያንኑ ምዕራፍ የሚያነብ ይሁን እንጂ ግድ የለም። መልመጃውን ለየብቻ ሥሩና ወረቀት ተቀያየሩ፤ የመልሱን ገጽ ከዚያ በኋላ ክፈቱት።